የማይ አጋም ቅዳሜ

ኮሎኔል ወዳጆ ሰው ሊገድል በሚወጣበት እሑድ ጠዋት ጫማውን ቀለም ቀባ። አየር ኃይል ያሳደገው ሰው እንዲህ ነው፤ ሲኦል እንኳ ቢጠራ ተስተካክሎ ነው የሚሄደው። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆለፈ፣ ጋቢውን ደረበ፣ ከጋቢው ሥር በብብቱ በኩል ሥጋ ቤት ወስዶ ያስሳለውን ካራ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሸጎጠ።

ሚስቱ ጀማነሽ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች።

«ካራው ከመሳቢያው የለም» አለችው።

«ሊሳል ነው።»

«በእሑድ ማነው የሚስለው?»

«በቃ ጀማነሽ፣ አትነዝንዢኝ።»

«ሞቷል፣ ተዝካሩን አውጪ ሲሉኝ ሰባት ዓመት ሙሉ አሻፈረኝ ያልኩት ለዚህ ነው? ከርቸሌ ስንቅ ላመላልስልህ?»

ግራ እግሩን እየጎተተ የቂርቆስን ዳገት ወጣ። እሷም አልተከተለችውም፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ሲያጣና በትግርኛ ሲቃዥ ሰምታዋለች፤ ይህን ሰው ማስቆም እንደማይቻል ታውቃለች። ብቻ ደጁ ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ነገሩ የጀመረው በጎማ ነው። ሠራዊቱ ሲበተን ጄት ያበር የነበረው እጅ በሴቼንቶ ታክሲ መሪ ላይ ዋለ፤ ደረቱን የጀግና ሜዳሊያ ያስጌጠው ሰው ካዛንቺስ ላይ ቆሞ «ኡራኤል፣ ኡራኤል» እያለ ይጣራ ጀመር። ይህን እንኳ ለምዶት ነበር። ሁለት ሳምንት ይሆነዋል፣ ኡራኤል አጠገብ ጎማው ተነፈሰበትና ከቤተክርስቲያኑ ጀርባ ወዳለ ጎሚስታ ገፍቶ ገባ። ባለቤቱ ቱታ የለበሰ፣ ትከሻው የሰፋ ሰው ነበር። «ግቡ ጋሼ፣ አረፍ በሉ» ብሎ ዱካ ሰጠውና ወደ ሠራተኛው ዞረ። ሠራተኛው የጎማ ብሎኖች በትኖ ይለቅማል።

«እንዳይጎድል! ቁጸር!» አለው በትግርኛ። ቁጠር ማለቱ ነው።

ወዳጆ ከዱካው ላይ ወደቀ። እውነት ነው የምላችሁ፣ ቁርበት እንደሳቡበት ሰው ዝርግፍ አለ። ሰዎቹ ስኳር በሽታ መስሏቸው ለስላሳ አመጡለት። ያንን ድምፅ ግን የሰማው በጆሮው አይደለም፣ በውስጥ እግሩ ነው።

አውሮፕላኑ በሰሜን ተራሮች ላይ ተመትቶበት በጃንጥላ ሲወርድ መጀመሪያ የደረሱበት ገበሬዎች ነበሩ። በድንጋይ ሁለት የጎድን አጥንቱን ሰበሩለት። ታጋዮች ነጥቀው ዋሻ ውስጥ አስገቡትና ለዚህ ሰው ሰጡት፤ ለአብርሃ። አብርሃ ምንም አልጠየቀውም። ስለ ጦሩ፣ ስለ ሰፈሩ፣ ስለ ነዳጁ አንድ ጥያቄ የለም። እግሩን ወደ ላይ አስሮ ውስጥ እግሩን በኤሌክትሪክ ገመድ እየገረፈ «ቁጸር!» ይለዋል። ግርፋቱ የሚቆጠረው በትግርኛ ነው። ከተሳሳተ ከአንድ ይጀመራል። ወዳጆ «ሓደ፣ ክልተ፣ ሰለስተ» ማለትን የተማረው እንዲህ ነው፤ ተማሪ ቤት ገብቶ አይደለም። መቶ እስኪደርስ የእግሩ ቆዳ እንደ አሮጌ ሶል ተገነጠለ። አንድ ቀን ግራ እግሩን በሰደፍ ሲሰብረው እንኳ መቁጠሩን አላቆመም፤ ቢያቆም ከአንድ ይጀመራላ!

አብሮት ሊካሳ የሚባል እግረኛ ወታደር ታስሮ ነበር። ሊካሳ ምላሱ ለትግርኛ አልታዘዝ አለው። ዕስራ፣ ማለት ሃያ፣ ሲደርስ ይጠፋበታል፤ እንደገና ከአንድ፣ እንደገና ከአንድ። አንድ ከሰዓት በኋላ አሥራ ስምንት ላይ ዝም አለ፤ አብርሃ ከአንድ ቢጀምርም የሚቆጥር አልነበረም። ወዳጆ ሬሳውን ሲጎትቱት እያየ ማለ፦ ይህን ሰው በገዛ እጄ ካልገደልኩ የእናቴ ልጅ አይደለሁም።

እንግዲህ ሰባት ዓመት እስር፣ አምስት ዓመት ታክሲ፣ አሁን ደግሞ ጎማ የሚለጥፍ አብርሃ። ወዳጆ የሰውየውን ቤት አጠና። እሑድ እሑድ ከቤት እንደማይወጣ አወቀ። ለመግደል ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል?

ያስፈልግ ኖሯል። ከኡራኤል ጀርባ ወዳለው ቅያስ ሲታጠፍ የዕድር ድንኳን መንገዱን ዘግቶ ቆሟል። ከአብርሃ ደጅ!

ያገሬ ሰው ለቅሶ ቤት በር ላይ የደረሰን ሰው ማነህ ብሎ አይጠይቅም። ጋቢ ለብሶ፣ ፊቱ ጠቁሮ፣ እግሩን እየጎተተ የመጣ ሰው ከሩቅ የመጣ ዘመድ ካልሆነ ምን ይሆናል? አንዱ ክንዱን ያዘው፣ ሌላው ቦታ ለቀቀለት። ሳያስበው ድንኳኑ ውስጥ ተገኘ። መሐል ላይ የሬሳ ሳጥን አለ። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው አሉ።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለ። አግዳሚው ላይ ከተቀመጡት ሽማግሌ ጋር ዐይን ለዐይን ስለተገናኘ ደግሞ ያንኑ በትግርኛ ደገመላቸው።

ሽማግሌው፣ ገብረሕይወት ይባላሉ፣ የሟቿ ወንድም ናቸው፣ ቀና አሉ። «ይህ አነጋገር የማይ አጋም ነው!» አሉ በራሳቸው ቋንቋ። «የእኛው ሰው! እስቲ ቦታ ስጡት፣ ከልጇ አጠገብ አስቀምጡት!»

ወዳጆ ደነገጠ። ትግርኛውን ከማን አፍ እንደለቀመው ያውቃል፤ የአብርሃ አገር የት እንደሆነ ግን እስከዚያች ደቂቃ አላወቀም ነበር። ማይ አጋምን ግን ያውቃታል። ከላይ።

ገፍተው ከአብርሃ ጎን አስቀመጡት። አብርሃ ዐይኑ አብጦ የማንንም ፊት አይለይም፤ እንደ ለቀስተኛ ወግ ዞሮ አንገቱን አቅፎ «እናቴን! እናቴን!» ብሎ አለቀሰበት። ካራው በሁለቱ ደረት መሐል ነበር። የአብርሃ አንገት ከወዳጆ አፍ ላይ ነው፤ ሥሩ ሲመታ ይታያል። እጁን ወደ ብብቱ ሰደደ። እጀታውን ያዘ። አሁን፣ አለ በልቡ፣ ለሊካሳ።

ይህን ጊዜ የአብርሃ እኅት መብርሂት ከሳጥኑ ራስጌ ተነሥታ ሙሾ አወረደች። ትግርኛው በወዳጆ ጆሮ ገብቶ አማርኛ ሆነበት፦

«ጨው ልትሸምት ወጥታ ቅዳሜ ማለዳ፣
ልጆቿን ለቅማ ገባች በአቁማዳ።»

እጁ እጀታው ላይ ቀረ።

ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ ተቀበሏት። እሷም ቀጠለች፤ ፀሐይን ጀርባው አድርጎ ስለመጣው አውሮፕላን፣ እናቷ አደይ ለተኪዳን በአንድ ገበያ አራት ልጅ ስለመቅበሯ፣ ከዚያ ወዲያ ሰማይ ቀና ብላ ሳታይ ስለመሞቷ።

ፀሐይን ጀርባ ማድረግ። ይህን የሚያውቅ አብራሪ ብቻ ነው። በስልሳ ስድስቱ አብዮት ማግስት የተመረቀው ወጣት መኮንን ወዳጆ ይህን ብልኃት ለሌሎች ያስተምር ነበር። በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ አንድ ቅዳሜ፣ ማይ አጋም ላይ የጠላት ስንቅና ትጥቅ ማከማቻ አለ ተብሎ ተላከ። ከላይ ሲያይ ነጭ ነጭ ነገር ነበር። ድንኳን ነው ተባለ። እሱም ድንኳን ነው አለና ጣለ። በሁለተኛው ዙር ሲመለስ ድንኳኖቹ ይሮጡ ነበር። እያየ፣ ሲሮጡ እያየ፣ የቀረውን ጣለ። ሜዳሊያው የዚያ ቅዳሜ ነው። ዓመት ሳይሞላ ተመትቶ ወደቀ፤ ከዚያ ወዲህ በሆዱ የያዘው የራሱን ግርፋት ብቻ ነበር። ሰው የበደለውን ይረሳል፤ የተበደለውን ግን እንደ ዳዊት ይደግማል።

ሽማግሌው ገብረሕይወት ጉልበቱን ነካ አደረጉት።

«ያን ቀን ገበያው ውስጥ ነበርክ?» አሉት። «ከዚያ የተረፈ ሰው ካገኘሁ ብዙ ጊዜዬ ነው።»

አልነበርኩም ብሎ ዝም ማለት ይችል ነበር። ንፍሮውን ቀምሶ፣ ቀስ ብሎ መውጣትም ይችል ነበር። ካራውን መዝዞ ማልሁ ያለውን መፈጸምም ይችል ነበር፤ የአብርሃ አንገት እዚያው ነው። ወዳጆ ግን ደከመው። እንዲህ ያለ ድካም በዋሻውም አልያዘውም።

«ገበያው ውስጥ አልነበርኩም» አለ በጥሩ የማይ አጋም ትግርኛ። «አውሮፕላኑ ውስጥ ነበርኩ። የጣልኩት እኔ ነኝ።»

ሙሾው ግማሽ ላይ ተቆረጠ። ከዚያ አብርሃ ተነሣ፣ በጋቢው ጠቅልሎ ያዘው፣ እየጎተተ ከድንኳኑ አወጣው፤ ለመጠባበቂያ ከተቀመጡት የድንኳን ካስማዎች አንዱን አነሣ።

የመጀመሪያው ትከሻው ላይ አረፈ።

«ሓደ» አለ ወዳጆ። ሊል ፈልጎ አይደለም፤ አፉ ራሱ ነው ያለው።

ሁለተኛው ጎድኑን አገኘው። «ክልተ።» ሦስተኛው ጥርሱን አረገፈ፤ «ሰለስተ» ከደም ጋር ወጣ። ጋቢው ተፈታ፣ ጋዜጣው ተቀደደ፣ ካራው አስፋልቱ ላይ ተንቃጭሎ ወደቀ። ሰዎች ሊይዙ መጥተው ካራውን ሲያዩ ወደ ኋላ ሸሹ። «አርባዕተ። ሓሙሽተ።» ጉልበቱ ታጠፈ። «ሽዱሽተ።» ሰባተኛው ግንባሩን ሰነጠቀውና ዐይኑ ደም ሞላ። «ሸውዓተ» አለ በሹክሹክታ።

ካስማው አየር ላይ ቆመ። አብርሃ የሚቆጥረውን አፍ አየ፤ የሚጎተተውን ግራ እግር አየ። ቱታ ከለበሰ በኋላ ሊረሳው የታገለው ዋሻ ሁሉ በዚያች ደቂቃ ተመለሰበት።

«አንተ ነህ» አለ። «አንተ ያ ፓይለት ነህ።»

«ነኝ።»

«ካራው ለእኔ ነው?»

«ለአንተ ነበር። ሊካሳን ስለገደልክ።» ደም ተፋ። «እናትህ መሆኗን አላወቅሁም።»

«እኔም አንተ መሆንህን አላወቅሁም» አለ አብርሃ፤ ድምፁ ተሰበረ። «ጠብመንጃ ያነሣሁት በዚያው ሳምንት ነው። አብራሪ ባገኝ ብዬ ነበር የምጸልየው። አንተን ሲሰጡኝ፣ የትኛውም አብራሪ ይሁን ብዬ ነው የገረፍኩህ። ወታደሩ ደግሞ... ወታደሩ ምን አደረገኝ?»

ካስማውን እንደገና አነሣ። አሁን የሚወርደው የመጨረሻው እንደሆነ የቆመው ሁሉ አወቀ፤ ወዳጆም አወቀ፣ ራሱን አልሸፈነም።

«አብርሃ!» መብርሂት ነጠላዋን ጥላ መሐል ገባች። «እማማ አፈር ሳትቀምስ በደጇ ደም? በሳጥኗ ፊት?»

ካስማው ወደቀ። አብርሃ ካራውን ከአስፋልቱ አንሥቶ ከአጥር ወዲያ ወረወረው። ከዚያ ወዳጆን በብብቱ ይዞ አስነሣው፤ ማዘን አይምሰላችሁ፣ እንደ ጆንያ ነው የጎተተው። ወደ ድንኳኑ መልሶ ሳጥኑ ፊት በጉልበቱ ጣለው።

«ስማቸውን ንገሪው» አላት እኅቱን። ወደ ወዳጆም ዞረ። «አንተ፣ ቁጸር።»

መብርሂት ጀመረች።

«ሃይለአብ።»

«ሓደ፣ ሃይለአብ» አለ ወዳጆ። ከግንባሩ የሚወርደው ደም ሸሚዙን አረጠበው።

«ሲምረት።»

«ክልተ፣ ሲምረት።»

«መድሃኔ።»

«ሰለስተ፣ መድሃኔ።»

መብርሂት ሳጥኑን ያዘች።

«አርባዕተ» አለ ወዳጆ፤ ስሙን ጠበቀ። አልመጣም። ቀና ብሎ አያት። «አርባዕተ፣ ማን?»

«ስም የላትም» አለች መብርሂት። «ሰማንያ ቀኗ አልሞላም፤ ክርስትና አልተነሣችም ነበር። እማማ አዝላት ነው ገበያ የሄደችው። እማማን ያተረፋት የእሷ ገላ ነው።»

አብርሃ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል፤ የሚገርፍ የለም፣ ካስማው ደጅ ቀርቷል፣ ማንም ከአንድ ጀምር አላለውም።

«ሓደ» አለ ወዳጆ፣ «ሃይለአብ።»