ፋን ኦስተን የገፋት ወታደር

ልጄ ሲትስከ የሠራችው የቼዝ ፕሮግራም ስሙ ስኑክ ነው። ስኑክ በቦዮቻችን ውስጥ ሸንበቆ ሥር የሚያደፍጥ ዓሣ ነው፤ ዝም ብሎ ይቆይና በአንድ ጊዜ ይነክሳል። ሰባት ዓመት ሙሉ ከሥራ ስትመለስ ጣሪያ ሥር ባለችው ክፍል እየተቀመጠች ሠራችው። በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ ሄግ ከተማ ሰዎችና ኮምፒውተሮች ቼዝ ሲጋጠሙ ይዛው ትሄዳለች። ስኑክ ከተራ ተጫዋቾች ብዙ ነጥብ ወስዷል። ግራንድማስተር ከሚባሉት የቼዝ ቁንጮዎች ግን የአቻ ግማሽ ነጥብ እንኳ አግኝቶ አያውቅም።

ባሏ ጥሩ ሰው ነው። ሆኖም መንታ ልጆቻቸው አድገው መኝታ ቤታቸው ጠቧቸዋል። "ዘንድሮም ከግራንድማስተር ምንም ካላገኘሽ ክፍሏ የልጆቹ ትሁን" አላት። ተስማማች። ከተስማማች በኋላ ወደ እኔ መጣች።

"አባዬ፣ ዘንድሮ አንተ ተቀመጥልኝ።"

"ቼዝ ከአንቺ በላይ አልችልም።"

"መቻል አያስፈልግም። ስኑክ የሚልህን ጣውላው ላይ ታንቀሳቅሳለህ፤ ሰውየው የተጫወተውን ለስኑክ ትጽፍለታለህ። በቃ።"

"አንቺስ?"

"እኔን ፊቴ ያጋልጠኛል።"

እውነቷን ነበር። ለማሽን የሚቀመጠውን ሰው አቀባይ ይሉታል፤ ስክሪኑ የሚዞረው ወደ እሱ ብቻ ነው። ግራንድማስተሮቹ ስክሪኑን ማየት ስለማይችሉ አቀባዩን ያነባሉ። ባለፈው ዓመት ስኑክ ወጥመድ አዘጋጅቶ ሳለ ሲትስከ ከንፈሯን ነከሰች። ተጋጣሚዋ ቀና ብሎ አያት፣ ተመልሶ ጣውላውን አየ፣ ወጥመዱን አገኘው።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጀልባ የማሳልፍ የቦይ በር ጠባቂ ነበርኩ። ጀልባ ያለው ሁሉ ይቸኩላል፣ ይለምናል፣ ይሳደባል። ፊት ካሳየኸው አያልቅም።

"የሠርጌን ፎቶ ያየ ሰው ሁሉ አባትሽ ያን ቀን አሞት ነበር ወይ ይለኛል" አለችኝ።

ሄድኩ።

በመጨረሻው ዙር የደረሰን ግራንድማስተር ሉበርት ፋን ኦስተን ነበር። ሰባ አልፎታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጋዜጣ ላይ ስለ ቼዝ የሚጽፈውን፣ አንዱን ጀልባ አሳልፌ ሌላው እስኪመጣ፣ ስንት ዓመት እንዳነበብኩ አላውቅም። አንድ ጊዜ በከተማችን ትምህርት ቤት አዳራሽ ከብዙ ሰው ጋር ባንድ ጊዜ ተጫውቶ ነበር። ከተሸናፊዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ "ፈረስህ ጥሩ ቦታ ላይ ነበር" አለኝ። ይህን አላነሳሁበትም። እሱም አላስታወሰኝም።

ሳምንቱን ሙሉ ማሽኖቹ አድክመውታል። አንድም አላሸነፈም። ያን ዕለት ጠዋት ቁርስ ላይ "ይህ የመጨረሻዬ ነው፤ ከዛሬ በኋላ የውድድር ወንበር ላይ አልቀመጥም" ሲል ሰምቼዋለሁ። ሰዎቹን እያሳቀ ነበር የተናገረው። ቢላዋው ግን ዳቦውን አልፎ ሳህኑን ይፍቅ ነበር።

መጣ፣ ኮቱን ወንበሩ ላይ ሰቀለ፣ አየኝ።

"የዓሣው አባት አንተ ነህ?"

"አያቱ ነኝ።"

"እንግዲያው ያቺ ከተመልካቾቹ ገመድ ወዲያ ጥፍሯን የምትበላው እናቱ ናት።"

"አዎ።"

"ወሬ አታበዛም።"

ስክሪኑን ወደ እኔ አስተካከልኩ።

"ይሻላል። ትናንት የተቀመጠብኝ ሰውዬ ስለ አዲሱ ወጥ ቤቱ ሲያወራልኝ ነው የተሸነፍኩት።"

ጨዋታው ተጀመረ። ስኑክ የሚለኝን አንቀሳቅሳለሁ፣ ሰዓቱን እጫናለሁ፣ እጆቼን አጣምሬ እቀመጣለሁ። ፋን ኦስተን በየመሐሉ ቀና እያለ ይፈልገኛል።

"ይኸ ፊት ማታ ማታ ይወልቃል ወይስ አብሮህ ይተኛል?"

"አብሮኝ ይተኛል።"

"ሚስትህስ?"

"ለምዳዋለች።"

ሳቀ። ዳኛዋ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ አየችን።

ስክሪኑ ጥግ ላይ ቁጥር አለ። ዜሮ ከሆነ እኩል ናቸው። የመቀነስ ምልክት ካለበት ስኑክ ወደ መሸነፉ ነው፤ አንዱ ቁጥር የአንድ ወታደር ያህል ነው። ሲትስከ አንድ ነገር አጥብቃ አዝዛኛለች። አቻ እንውጣ ከተባልኩ ቁጥሩን አያለሁ፤ ከዜሮ በታች ከሆነ እቀበላለሁ፣ በላይ ከሆነ እንቢ እላለሁ። ውሳኔው የአቀባዩ ነው። ፕሮግራሙን የሠራውን ሰው ማማከር ክልክል ነው።

ከሰዓት በኋላው እየገፋ ሄደ። ቁጥሩ ዜሮ ላይ ቆሟል። ፋን ኦስተን ዓይኖቹን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ። ከዚያ ዳር ላይ የነበረችውን ወታደር አንድ ቤት ገፋት።

"አቻ?" አለኝ ቀስ ብሎ። ሰዓቱን ተጫነ።

ጽፌ አስገባሁ። ዜሮው ትንሽ ቆየ። ወደ ሲቀነስ አንድ ወረደ። ወደ ሁለት። ከዚያ አራት ላይ ቆመ። ከሥሩ ስኑክ የፈራው ነገር ተዘርዝሮ ወጣ። ፋን ኦስተን በሚቀጥለው ተራ ግንቡን እንዲሁ ይሰጣል። ስኑክ ቢበላውም ባይበላውም ንጉሡ መሸሻ የለውም። መሸሻ የነበረውን ቤት አሁን የተገፋችው ወታደር ዘግታዋለች።

ሰውየውን አየሁት። ከመነጽሩ በላይ መስኮቱን ይመለከታል። የማሸነፊያዋን መንገድ አላያትም።

እንቢ ብል ስኑክ ይጫወትና ተራው ይደርሰዋል። ያኔ ካያት ልጄ ባዶ እጇን ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ብቀበል ግማሿ ነጥብ የእኛ ናት። ነገር ግን ጨዋታ ሲያልቅ አቀባይ ስክሪኑን ለተጋጣሚው ያዞራል። የተጻፈ ሕግ አይደለም፤ ያላዞረ ሰው ግን እዚያ አዳራሽ ውስጥ ሰላም የሚለው የለም። ሽማግሌው በመጨረሻ ጨዋታው እጁ የገባውን ድል ሳያይ እንደለቀቀ የማሳየው እኔ ነኝ።

ወደ ሲትስከ አልዞርኩም።

"ዓሣው ተኛ እንዴ?" አለ ፋን ኦስተን።

"አልተኛም።"

"ታዲያ የምታስበው አንተ ነህ። ተው፣ ለአቀባይ አልተፈቀደም።"

የተቀመጥኩት ለልጄ ነው። እጄን ዘረጋሁ።

"ተቀብያለሁ" አልኩ።

ጨበጠኝ። መዳፉ ቀዝቃዛ ነበር። ከገመዱ ወዲያ ሲትስከ አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

"ከተቀበልክማ የተሻልኩት እኔ ነበርኩ ማለት ነው" አለ። "በስንት?"

"መጀመሪያ ቡና እንጠጣ።"

"አዙረው።"

"ቡናው ይቀዘቅዛል።"

"አንተ ሰውዬ፣ ማሽን ሲገርፈኝ ነው የሰነበተው። ከዚያ የባሰ ምን ልታሳየኝ ነው? አዙረው።"

አዞርኩት።

መነጽሩን አውልቆ ተጠግቶ አነበበ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ስክሪኑን አይቶ ጣውላውን ያያል፣ ተመልሶ ስክሪኑን። ጆሮዎቹ ቀሉ። እኔ እጆቼን ጠረጴዛው ሥር ከተትኩ።

"ግንቡ" አለ።

"አዎ።"

"ወታደሯ ባትገፋ ግን ንጉሡ ያመልጥ ነበር።"

"ያመልጥ ነበር።"

"ማን ገፋት?"

"እርስዎ።"

"ለምን ገፋኋት?"

"እኔ ምን አውቃለሁ።"

"እኔም አላውቅም" አለ፤ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር። እየሳቀ ነው። ዳኛዋ እየተጣደፈች መጣች።

"አቶ ፋን ኦስተን፣ ሌሎች ገና እየተጫወቱ ነው።"

"ይቅርታ እመቤቴ። አንድ የማላውቀው ሰው በእኔ እጅ ጥሩ ተጫውቶ ሄዶ ነው።"

ሲትስከ ገመዱን አልፋ ደረሰች። ስክሪኑን ስታይ ደስታዋ ጠፋ።

"አባዬ፣ ሲቀነስ አራት እኮ ነው። ተሸንፈን ነበር።"

"ያልሽኝን ነው ያደረግኩት።"

"አውቃለሁ።" ወደ ፋን ኦስተን ዞረች። "ይህች ግማሽ ነጥብ የእኛ አይደለችም። ለዳኛዋ እንንገራት።"

"ምን ብለሽ? ሽማግሌው ደክሞት ነበር ብለሽ?"

ሲትስከ ወደ ዳኛዋ አንድ እርምጃ ሄዳ ቆመች።

"ልጄ፣ አቻ ብዬ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። ዓሣሽን ፈርቼ ነው የጠየቅኩት። ከሰኞ ጀምሮ የገጠሙኝ ማሽኖች ሁሉ እንዴት እንደሚያሸንፉኝ ነው ያዩት። ያንቺው እኔ እንዴት እንደማሸንፈው ከእኔ ቀድሞ አየ። ከስንት ተራ በፊት ነው ያየው?"

ሲትስከ መስመሩን በጣቷ ቆጠረች። ሁለተኛ ቆጠረች።

"ዘጠኝ" አለች። ድምፅዋ ተለወጠ። "ባለፈው ዓመት ከአምስት አያልፍም ነበር።"

"እኔ ስንት አየሁ?"

"እርስዎማ..."

"ምንም። በይው፣ አልቆጣም። አሁን ተቀመጪ። ይህን ግንብ በገዛ እጄ ሳልሰጠው ከዚህ አልነሳም።"

ወንበሬን ለቀቅኩላት። ግንቡን አነሳው፣ ትንሽ አየር ላይ ያዘው፣ ቦታው ላይ አሳረፈው። ከዚያ ወዲያ ማንም አላስታወሰኝም። ዳኛዋ የውጤቱን ወረቀት ስታመጣ ፋን ኦስተን ዓይኑን ከጣውላው ሳያነሳ ፈረመ። እኔም ፈረምኩ። ግማሽ ለግማሽ።

"የምትሠሪው የት ነው?" ሲላት ሰማሁ።

"ጣሪያ ሥር። ትንሽ ክፍል ናት።"

"ደረጃው ቀጥ ያለ ነው?"

"በጣም።"

"የሚያዝ ገመድ አለው?"

"አለው።"

"እንግዲያው ሐሙስ ሐሙስ እወጣዋለሁ። ባልሽ ይፈቅዳል?"

"ከዛሬ በኋላ ይፈቅዳል" አለች ሲትስከ።

ስንወጣ ከባሕሩ በኩል ብርቱ ነፋስ ይነፍስ ነበር። ኮምፒውተሩን በካርቶኑ አቅፌ ትራም ማቆሚያው ላይ ቆምኩ። ሁለቱ ከኋላዬ ናቸው። ጣውላው አዳራሹ ውስጥ ቀርቷል፤ ጨዋታው ግን አልቀረም።

"ንጉሡ በግራ በኩል ይወጣል እያልኩዎት ነው።"

"ፈረሴ አያስወጣውም።"

"ፈረስዎን ንግሥቴ አስራዋለች።"

"የትኛዋ ንግሥት? በልቻታለሁ እኮ።"

"መቼ?"

"ቅድም፣ ደረጃው ላይ።"

"አልበሉም። አልነገሩኝም።"

"ነግሬሽ ነበር፣ ነፋሱ ነው የወሰደው።"

ትራሙ መጣ። በሩን ከፈተ፣ ትንሽ ጠበቀ፣ ዘጋና ሄደ። አልነገርኳቸውም።