የሱፍ አጣቢዎች አውራ ጣት

"ይህ አሻራ የማን ነው?" አላት አቶ ዘርአ ዳዊት፣ ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ወደ እሷ ገፋ አድርጎ።

የሺ በወረቀቱ ላይ የታተመውን ጣት ትኩር ብላ አየችው። ደብረ ብርሃን በሚገኘው የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሱፍ ስታጥብ ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቷታል። ሃያ አምስት ዓመት ላገለገለ ሠራተኛ የደመወዙን ግማሽ እስከ ዕለተ ሞቱ በየወሩ እንደሚከፍል ፋብሪካው ራሱ በማኅተም ቃል ገብቷል። ጉልበቷ እምቢ እያለ የቆየችው ይህን ቃል ይዛ ነው። ልጇን ሰላምን "አንቺ ብቻ ተማሪ፣ ስለ እኔ አታስቢ" ያለቻትም ይህን ቃል ይዛ ነው። አሁን የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊው የሚያሳያት ወረቀት ግን ከሰባት ዓመት በፊት በፈቃዷ ሥራ ለቃ እንደ አዲስ ተቀጥራለች ይላል። ከታች አውራ ጣት ታትሞበታል።

ማንበብ ስላልተማረች አትሚ የተባለችበት ሁሉ ላይ ስታትም ኖራለች፤ ለደመወዙ፣ ለሳሙናው፣ ለበዓል ለሚሰጣቸው ብርድ ልብስ። ይህንንም አትሜው ይሆናል ብላ አሰበች።

"የራስዎን ጣት ካላወቁ እኔ ምን ላድርግዎ፣ እትዬ የሺ?" ብሎ ሳቀ።

ከሦስት ቀን በኋላ በቀበሌው የጎልማሶች ትምህርት የስም መቆጣጠሪያው ዞረ። የሺ ፊደል ቆጥራ ስሟን መጻፍ ጀምራለች፤ የዚያን ቀን ግን ሐሳብ ፊደሉን ስላጠፋባት በጣቷ ፈረመች። አስተማሪዋ እየሩሳሌም ወረቀቱን አይታ፣ "እትዬ የሺ፣ ይሄ አሻራ ነው ወይስ ቀለም ደፉበት?" አለቻት።

"የሱፍ አጣቢ ጣት ነው፣ ልጄ። ሶዳና ፍል ውሃ ልጦ ጨርሶታል። የመታወቂያው ማሽን እንኳ ሦስቴ እምቢ ብሎኝ..."

ንግግሯ እዚያው ተቋረጠ። እዚያ ቢሮ ያየችው ጣት ትልሙ የሚቆጠር የታረሰ ማሳ ይመስል ነበር።

በማግስቱ እንደ እሷው ለቃችኋል የተባሉትን ብርነሽንና ሌሎች ስድስት አጣቢዎችን አስከትላ መጀመሪያ ወደ ገንዘብ ያዡ ወደ ጋሽ ወንድሙ ሄደች። የሁሉም መልቀቂያ የተጻፈው በአንድ ወር ነው፤ የዚያን ወር የደመወዝ መክፈያ እንዲያሳያቸው ለመነችው።

ጋሽ ወንድሙ መነጽሩን አወለቀ። "ይሄን ካወጣሁ እዚህ አያቆዩኝም። ለሃያ አምስቱ የቀረኝ አራት ወር ነው፣ የሺ።"

አውጣልኝ ማለትም፣ ተወው ማለትም አልሆነላትም። እሱ ግን የመዝገብ ሣጥኑን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ።

ስምንቱም ሴቶች ቢሮው ሲገቡ አቶ ዘርአ ዳዊት ከወንበሩ አልተነሳም። መልቀቂያቸውን እንዲያሳያቸው ጠየቁት፤ የሺ የራሷን ተቀብላ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። "በ... ፈ... ቃ... ዴ። በፈቃዴ ይላል። ማን ነው የፈቀደው?"

ከዚያ በጠረጴዛው ላይ ካለው የአሻራ ቀለም ነክራ አውራ ጣቷን ነጭ ወረቀት ላይ አሳረፈች። ሌሎቹም ተከተሉ። ስምንት ጥቁር ነጠብጣብ፣ አንድም መስመር የሌለው።

"እርጅና ነው" አለ። "ያኔ መስመር ነበራችሁ።"

"ሃያ ዓመት ሙሉ አጥበን ያላረጀን፣ ልክ ስትፈልገን አረጀን?" አለች ብርነሽ።

የሺ የደመወዝ መክፈያውን ዘረጋችለት። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ወር፣ በስምንቱም ስም ትይዩ ያው መስመር አልባ ነጠብጣብ ነበር። ከጎኑ ስምንቱን መልቀቂያዎች አስቀመጠች፤ ሁሉም ላይ መስመሩ ጥርት ያለ ጣት።

"እንግዲህ እኔ ልጠይቅህ" አለችው። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ የቢሮ ሰው አንተ ስትል የመጀመሪያዋ ነው። "ይህ አሻራ የማን ነው?"



ፋብሪካው ክስ ፈርቶ በሚያዝያ ለስምንቱም ጡረታቸውን ፈቀደ። የሺ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ይቅርታ የሚል ቃል ፈልጋ አላገኘችም።

ጋሽ ወንድሙ ሰነድ አሳልፎ ሰጠ ተብሎ በዚያው ሳምንት ሃያ አምስቱ ሳይሞላለት ተሰናብቶ ወደ ጎረቤላ ሄዷል። አቶ ዘርአ ዳዊት ዛሬም እዚያው ቢሮ፣ እዚያው ወንበር ላይ ነው።