ኤሊያስ ያልተረጎመው መልስ

ያልተሰጠውን መልስ የሚጽፍ ተመራማሪ ከሐሰትም የከፋ በደል ይፈጽማል፤ ንጹሑን ሰው የገዛ ትዝታውን ያስጠረጥረዋልና።

በ፲፱፻፸፰ ዓመተ ምሕረት ሰይፈሥላሴ የተባለ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ገበሬዎች በአዲስ መንደር ስለሚያሰባስባቸው የመንደር ምሥረታ ዕቅድ ያላቸውን አሳብ ለመመረቂያ ጽሑፉ ሊያጠና ሀዲያ ውስጥ ወዳለችው ሆመቾ መጣ። ሀዲይኛ ስለማያውቅ የአካባቢው ትምህርት ቤት መምህር ኤሊያስ አስተርጓሚ ሆነለት። በዐሥር ቀን ስልሳ ቤት ዞሩ።

ከሁለት ወር በኋላ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር የጥናቱን ውጤት በስብሰባ አነበበ። ከስልሳው ሃምሳ ስምንቱ ወደ አዲሱ መንደር ለመዛወር ፈቅደዋል ይላል። ሰው ሁሉ ወደ ኤሊያስ ዞረ።

ወይዘሮ እልፍነሽ የተባሉ ባልቴት መንገድ ላይ አስቆሙት።

«መምህር፣ አፌን ለማን አከራየኸው?»

«እማማ፣ ያሉትን ነው የነገርኩት።»

«እንሰቴን ትቼ የትም አልሄድም ነው ያልኩህ። በአማርኛ ይህ እሺ ማለት ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው አማርኛውን ማን አስተማረህ? እሱም ይጠየቅ።»

አላፊ አግዳሚው ሳቀ። ኤሊያስ ግን አልሳቀም። ክሊኒክ ሲሄዱ እርሱን ይዘው ይሄዱ የነበሩ ሕመምተኞች ሌላ አስተርጓሚ ፈለጉ። ቤቱ ተቀምጦ የእያንዳንዱን ሰው ቃል ለማስታወስ ሞከረ፤ በደገመው ቁጥር ቃሉ ተምታታበት። «አልሄድም» ያሉትን «እሄዳለሁ» ብዬ ይሆን? ሃምሳ ስምንት ጊዜ? ሊያምን አልቻለም፤ ሊክድም አልደፈረም።

በመጨረሻ ለዩኒቨርሲቲው ጻፈ። ጥፋቱ የእኔ ከሆነ ንገሩኝ አለ።

የተማሪው አማካሪ ዶክተር አክሊሉ ሰይፈሥላሴ ያስረከባቸውን መጠይቆች ይዘው መጡ። በወይዘሮ እልፍነሽ ደጃፍ ቆመው በባልቴቷ ስም የተሞላውን ወረቀት አነበቡ፤ «እንሰትዎ ከቤትዎ የግማሽ ሰዓት መንገድ ይርቃል።»

ኤሊያስ ተረጎመ። አሮጊቷ ወደ ጓሮ ወሰዷቸው። የእንሰቱ ቅጠል የጣራውን ሣር ይነካ ነበር።

«ፍግ ተሸክሜ ግማሽ ሰዓት የምሄደው በየትኛው ጉልበቴ ነው?» አሉ። «በሉ ጌታዬ ይራመዱ፤ እኔ እዚሁ እጠብቅዎታለሁ።»

ስልሳውም ወረቀት ግማሽ ሰዓት ይል ነበር።

ሰይፈሥላሴ ሲጠየቅ አመነ። እውነተኞቹ ወረቀቶች ወደ ሆሳዕና ሲመለስ በዝናብ ርሰው ቀለማቸው ፈሰሰ፤ እንደገና ለመጠየቅ ስለታከተው ሆቴል ተቀምጦ በግምት ሞላቸው፤ ፈቅደዋል ያለውም ሹማምንቱን ደስ እንዲላቸው ነው።

ጥናቱ ተሰረዘ፤ ውሳኔውም ኤሊያስ በቆመበት ለሕዝቡ ተነበበ። ሰይፈሥላሴ ሊመረቅ አንድ ወር ሲቀረው ከዩኒቨርሲቲው ተባረረ።