የመስመሩ ሁለት ጫፍ

ኔድ ቶሊቨር የሬዲዮውን የሞርስ ቁልፍ ሲመታ ከመቶ ሰው መሃል እለየዋለሁ። ረጅሙን ምት ትንሽ ይጎትተዋል፤ ሲናገርም እንደዚያው ነው። ስድስት ሳምንት እናቴ ቤት አርፎ፣ ጭስ ላይ የደረቀውን የበግ ሥጋችንን “እማማ፣ ይሄ ምሳ ነው ወይስ ጫማ?” እያለ ሳህኑን ጠራርጎ ሲበላ ከርሟል።

በጦርነቱ ሦስተኛ ክረምት፣ አንድ ጠዋት፣ ባሕር ላይ በሚያርፈው ትልቁ የቅኝት አውሮፕላን ከስምንት ጓዶቹ ጋር በሬዲዮኛነት ወጣ። የጀርመን መርከቦች ኖርዌይ ዳርቻ ቆመው እንደሆነ አይተው ሊመለሱ ነው። ጠላት እንዳይሰማቸው ወደ ደሴታችን ወደ ሼትላንድ እስኪቃረቡ ድረስ ሬዲዮ አይነኩም። የእኔ ሥራ ደግሞ ኮረብታው ላይ ባለችው የእንጨት ክፍል ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ሲጠሩኝ አንቴናውን በመዘውር አዞራለሁ፤ ድምፁ የሚጠፋበትን ቦታ ሳገኝ አውሮፕላኑ ያለበትን መስመር አገኘሁ ማለት ነው። ታዲያ መስመር ሁለት ጫፍ አለው። በየትኛው ጫፍ እንዳሉ መዘውሩ አይናገርም። ለዚያ ሌላ መለያ ቁልፍ አለ፤ ግማሽ ደቂቃ ይፈጃል። ሁልጊዜ ተጫኑት ተብለናል።

ሰባት ሰዓት ላይ ኔድ ጠራ። ደመናው ባሕሩ ላይ ተኝቷል፣ ምንም አይታየንም፣ የአንድ ሰዓት ነዳጅ ነው የቀረን፣ በየት እንምጣ? መዘውሩን አዞርኩ። መስመሩ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ነበር።

እጄ ወደ መለያው ቁልፍ ሲሄድ አለቃዬ ሃምሳ አለቃ ፕሪቻርድ ከኋላዬ ሳቀ።

“አንቺ ደሞ! ከኖርዌይ የሚመጣ ሰው በየት ሊመጣ ነው፣ በአሜሪካ ዞሮ? ምሥራቅ ነው ያለው። ወደ ምዕራብ ና በይውና ልጁን ገላግይው።”

እኔም ሳቅኩ። ሰው ሲስቅብኝ አብሬ የምስቅ ሞኝ ነበርኩ። “ወደ ምዕራብ ኑ” ብዬ ላክሁ። ኔድም መቀበሉን ነገረኝ።

እየቀረቡ ሲመጡ ድምፁ መጉላት ነበረበት። አልጎላም። በአሥረኛው ደቂቃ ጭራሽ እየሳሳ መጣ። በመስኮት ብመለከት ጠዋት ተንጠልጥሎ የነበረው የንፋስ ማሳያ ጨርቅ ወደ ምዕራብ ተወጥሮ ይንቀጠቀጣል። ይህ ንፋስ ከኋላ ገፍቷቸው፣ በደመናው ውስጥ ደሴታችንን ሳያዩ አልፈውን ቢሆንስ?

መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም። ፕሪቻርድ እንዳይስቅብኝ ፈራሁ። ከዚያ በላይ ደግሞ መሳሳቴን ሳይሆን ልክ መሆኔን ፈራሁ፤ ልክ ከሆንኩ ዘጠኝ ሰው ወደ ሞት የሰደድኩት እኔ ነኝ። ስምንት ደቂቃ ዝም አልኩ። እነሱ በየደቂቃው ከሁለት ማይል በላይ ይሄዳሉ።

በመጨረሻ መለያውን ተጫንኩት። ምዕራብ።

“ሃምሳ አለቃ፣ አልፈውናል።”

“ምን አልሽ?”

“ምዕራብ ናቸው! ወደ ውቅያኖሱ የሰደድናቸው እኛ ነን!”

ፊቱ አመድ መሰለ። “የክርስቶስ ያለህ! ምን ታዪኛለሽ፣ መልሻቸው!”

“አልፋችሁናል፤ ወደ ምሥራቅ ዙሩ” ብዬ ላክሁ። ኔድ “በስንት ማይል?” ብሎ ጠየቀ። መስመር ርቀት አይናገርም። “አላውቅም” አልኩት። አልተሳደበም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ዞሩ። ያ የገፋቸው ንፋስ አሁን ፊት ለፊት ገጠማቸው። ኔድ በየአምስት ደቂቃው የቀረውን ነዳጅ ይነግረኛል፤ በጭንቅላቴ አሰላዋለሁ፣ አይደርስም፤ ደግሜ አሰላዋለሁ፣ አይደርስም። ስምንት ሰዓት ሲሆን “ባሕሩ ላይ ልንወርድ ነው፤ ማዕበሉ ትልቅ ነው” አለ። ከዚያ ቁልፉን ተጭኖ አሰረው። የሚወድቅ አውሮፕላን ሬዲዮኛ እንዲህ ያደርጋል፤ የማይቋረጠው ጩኸት ያሉበትን እንዲጠቁም ነው። መዘውሩን በሁለት እጄ ይዤ ጩኸቱን ተከተልኩት። አርባ ሰከንድ ያህል ጮኸ፤ ከዚያ ቆመ።

የነፍስ አድን ጀልባው አዛዥ አጎቴ ጊዲዮን ነው። ደውዬ መስመሩን ነገርኩት።

“በየት በኩል፣ ምሥራቅ ነው ምዕራብ?”

“ምዕራብ፣ አጎቴ።”

“ቅድም ከጦር ሰፈሩ ተዘጋጁ ሲሉን ምሥራቅ ነው ያሉን እኮ!”

“ምዕራብ ነው።”

“ኦስላ፣ ስሚኝ ልጄ። በዚህ ባሕር ስድስት ሰው ይዤ ነው የምወጣው፤ ሁሉም ባለትዳር ናቸው። እርግጠኛ ነሽ?”

ፕሪቻርድ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቷል። ከአንድ ሰዓት በፊትም እኮ እርግጠኛ ነበርኩ።

“እርግጠኛ ነኝ” አልኩ።

በማግስቱ ቀትር ላይ ሰባቱም የጀልባው ሰዎች ተመለሱ። የተሰበረ የክንፍ ቁራጭና አንድ ባዶ የጎማ ጀልባ ይዘው ነበር፤ ሰው አላገኙም። ዕቃውን ያገኙት በምዕራብ፣ እኔ በነገርኳቸው መስመር ላይ ነው። አጎቴ ከነረጠበ ልብሱ ወደ እኔ መጥቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና “ልክ ነበርሽ፣ ልጄ” አለኝ። እስከዚያ ድረስ አላለቀስኩም ነበር።