በመቃብሩ ደጅ ምሳ

በጃፓኗ ደሴት በኦኪናዋ የሚያዝያ ፀሐይ ሲሞቅ ዘመድ ሁሉ በአያቶች መቃብር ደጅ ምንጣፍ አንጥፎ ምሳ ይበላል። ሴይቶኩ ዘንድሮ አንድ ጠርሙስ ውሃ ብቻ ይዞ መጣ። ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ሐኪሙ "ቦርጭህን ቀንስ" ቢለው፣ ሁሉን ነገር ከልክ ማሳለፍ ልማዱ ነውና ሦስት ቀን ሙሉ እህል አልቀመሰም።

የአሳማው ሥጋና ከአኩሪ አተር የተሠራው ቶፉ መጀመሪያ ለሙታኑ ቀረበ። ቀጥሎ ለሕያዋኑ ሲታደል ሴይቶኩ እጁን ሰበሰበ።

"እኔ ይቅርብኝ፣ አክስቴ። ለጤናዬ ብዬ ነው።"

አክስቱ ካማዶ ዘጠና ስድስት ዓመታቸው ነው። ዕድሜ ልካቸውን፣ ሆዳቸው ከአሥር እጅ ስምንቱ ሲሞላ መብያ እንጨታቸውን ያስቀምጣሉ። ዞር አሉና የመቃብሩን ድንጋይ በጣታቸው አንኳኩ።

"ምንም የማይበሉት እዚህ ውስጥ ናቸው" አሉት። "ጠጋ በሉለት ልበላቸው?"

ሴይቶኩ ሳይወድ በግዱ ሳህን ተቀበለ። አንዴ ከቀመሰ በኋላ ግን የሦስት ቀኑን በአንድ ቁጭታ አካካሰው። አራተኛውን ሳህን ሲያነሣ አክስቱ ከእጁ ወሰዱበት።

"ምነው? ብላ ያሉኝ እርስዎ አይደሉ እንዴ?"

ካማዶ ድንጋዩን ደግመው አንኳኩ።

"እስኪያገሱ የሚበሉትም እዚሁ ናቸው።"