ሙዝ አይቆጠርም

ኖላዊት ለመምህርነት ልትፈተን ሰሌዳው ፊት ስትቆም ፈራች። እንግሊዝኛው ጠፍቷት አይደለም። ከዩኒቨርሲቲ በጥሩ ውጤት ተመርቃለች፤ ሰው ፊት ስትቆም ግን ምላሷ ይተሳሰራል፣ የምታውቀውም ሁሉ ጥሏት ይሄዳል። በዚህ የተነሳ ከዚህ በፊት ሁለት ትምህርት ቤቶች “እስቲ አስተምረሽ አሳዪን” ብለው ካዩዋት በኋላ “እንደውልልሻለን” ብለው ሸኝተዋታል። ይኸው እስካሁን ሊደውሉ ነው።

የዛሬውም ካልሆነ ጓዟን ጠቅልላ ጨንቻ፣ አባቷ ቤት መመለሷ ነው። ሲቀላ ሰፈር ቤቷ ያስጠጋቻት አክስቷ አገኘሽ ደግ ሴት ናት፤ ሆኖም ሰሞኑን ዓይኗ “እስከ መቼ?” ማለት ጀምሯል።

ርዕሰ መምህሩ አቶ ተስፋጽዮን ከኋላ ዴስክ ላይ ተቀምጠዋል። ትእዛዛቸው አጭር ነበር፤ “አራተኛ ክፍል፣ የናውን፣ ማለትም የስም ዓይነቶች፣ አንድ ክፍለ ጊዜ። ሁሉንም ጨርሺ።”

ኖላዊት በትልልቅ ወረቀት አሳምራ የጻፈቻቸውን ማሳያዎች ጠቅልላ ይዛለች። በአክስቷ ዘንቢል ደግሞ ሙዝ፣ ጨውና ውኃ አምጥታለች። የሙዙን ዘለላ ከፍ አድርጋ እንደሸመደደችው፣ “ይሄ የሚቆጠር ነው። ካውንተብል ናውን ይባላል” አለች። ድምጿ ለራሷም በቅጡ አልተሰማት።

አንዲት ልጅ እጇን እንኳ ሳታወጣ ብድግ አለች።

“ቲቸር፣ ሙዝ አይቆጠርም!”

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

“ስምሽ ማነው?” አለች ኖላዊት።

“አቢጋኤል። እናቴ ላንቴ ገበያ ሙዝ ትነግዳለች። ሙዝ በኪሎ ነው። መኪና ላይ ሲጫን ደግሞ በኩንታል ነው። የሚቆጥር ሰው አይቼ አላውቅም።”

“እውነቷን ነው! እኛም ቤት በኪሎ ነው!” አሉ ከወዲህም ከወዲያም።

ኖላዊት ወደ ኋላ ሰረቅ አድርጋ አየች። አቶ ተስፋጽዮን ሰዓታቸውን ይመለከታሉ። ልጅቱን “ተቀመጪ” ብትላት ሁሉንም ትጨርሳለች፤ ሥራውም ምናልባት ይገኛል። አቢጋኤል ግን መልስ እየጠበቀች እንደቆመች ናት። ኖላዊትም በልጅነቷ እንዲሁ ተነስታ ጠይቃ “ተቀመጪ” ተብላ ታውቃለች። ሰው ፊት መናገር የፈራችው ከዚያ ወዲህ ይመስላታል።

“ነይ ወደዚህ” አለቻትና ሙዙን አስታቀፈቻት። “እናትሽ ልክ ናቸው፤ ለገበያ በኪሎ ይሻላል። አሁን ግን አንዱን ገንጥለሽ ስጪኝ።”

“ዋን ባናና” አለች አቢጋኤል ገንጥላ እየሰጠቻት።

“ድገሚኝ።”

“ቱ ባናናስ።”

“እሺ፣ አሁን ደግሞ አንድ ጨው ስጪኝ።”

አቢጋኤል ጨው ውስጥ ጣቷን ከተተች፣ አወጣች፣ ጣቷን አየችና ሳቀች። “አንድ ጨው የለም ቲቸር! በማንኪያ ካልሆነ!”

ከዚያ በኋላ ክፍሉን የሚያቆመው አልተገኘም። ውኃስ? አሸዋስ? ዓሣስ? ኦሊያድ የሚባል ልጅ “ጤፍስ?” ሲል ጠቡ ተጀመረ፤ ግማሹ “ይቆጠራል” ሲል ግማሹ “ማን ዕድሜ አለው!” አለ። ኖላዊትም “እንግሊዞቹም እንደናንተ ሰልችቷቸው ይሆናል፣ አይቆጠርም ብለው ተውት” ብላ አሳቀቻቸው። ላሸነፈም ለተሸነፈም ሙዝ ለሁለት እየቆረሰች አደለች። ድምጿ መቼ እንደተከፈተ አላወቀችም።

ደወሉ ሲደወል አብዛኞቹ ማሳያዎች እንደተጠቀለሉ ነበሩ።

“ሁሉንም ጨርሺ ብዬሽ ነበር” አሉ አቶ ተስፋጽዮን ወደ ፊት መጥተው። “ፕሮፐር ናውን የለ፣ አብስትራክት ናውን የለ።”

“አዎ፣ አልጨረስኩም።” ሰበብ አልደረደረችም። ልጣጩን ከየዴስኩ እየለቀመች ዘንቢሏ ውስጥ መክተት ያዘች። ጨንቻ የምትመለስበት መኪና ታያት።

አቢጋኤል ሙዝ እንደጎረሰች ከደጅ ተመለሰች። “ቲቸር፣ ያልተከፈቱት ወረቀቶች ላይ ምን አለ?”

“ሌሎቹ የናውን ዓይነቶች።”

“መቼ ነው የምናያቸው?”

ኖላዊት ወደ አቶ ተስፋጽዮን ዞር ብላ አየች።

“ሰኞ” አሉ አቶ ተስፋጽዮን ለልጅቱ። ከዚያ ወደ ኖላዊት ዞሩ። “ስትመጪ ሙዝ ጨምሪ። ለእኔ አልደረሰኝም።”