ዲላ ዳገት፣ ሐዋሳ ሜዳ

ባለቤቴ ኤልቤቴል ነፍሰ ጡር ናት። ሥራዋ ሐዋሳ ነው፣ የእኔ የመለዋወጫ ሱቅ ዲላ። በየሳምንቱ በሚኒባስ ስትመላለስ ኖራ አሁን ግን፣ «በቃኝ! ልጁ ሳይወለድ አንድ ከተማ እንግባ» አለች። እውነቷን ነው። ግን የትኛው ከተማ? እኔ ከዲላ መነቀልን እንደ ጥርስ መነቀል ነው የምፈራው።

«ዲላ የሕፃን ጋሪ ይገፋበታል?» አለችኝ። «ሽቅብ ስትገፋ ትንፋሽህ ይቆረጣል፤ ቁልቁል ከለቀቅከው ደግሞ ለገዳራ ወንዝ ውስጥ ነው የምታገኘው።»

«እኛ ጋ ልጅ ይታዘላል።»

«በማን ጀርባ?»

በመጨረሻ በሁለቱም ከተማ በእግራችን ሄደን እንድንፈርድ ተስማማን። ለእግር የተመቸው ከተማ ቤታችን ይሆናል። እንደማሸንፍ እርግጠኛ ነበርኩ።

ቅዳሜ ከቤታችን ወደ ዲላ ገበያ ወጣን። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር ጭቃው ጫማዬን አልለቅም አለ። እሱስ ምንም አልነበረም። ገና ከበር ሳንርቅ ጎረቤታችን እትዬ አሰፋች ያዙን፤ የኤልቤቴልን ሆድ አይተው «ወንድ ነው» ብለው ፈረዱ። ከእሳቸው ስንላቀቅ ባለ መድኃኒት ቤቱ «ሴት ናት» አለ። ከኢዲዶ ቀበሌ የመጣ ደንበኛዬ ደግሞ ሞተሩን መሀል መንገድ አቁሞ ስለ ቤቱ፣ ስለ ቡናው፣ ስለ ላሙ በጌዴኦኛ አጫወተኝ። ከኋላው ባጃጆች ጥሩምባ ያስጮሃሉ፣ እሱ እቴ! ገበያ ስንደርስ ጎመኑ ጠውልጎ ነበር።

«ይሄ መንገድ መሄድ ሳይሆን መንገድ ላይ መቆም ነው» አለች ኤልቤቴል፣ ወገቧን ይዛ።

እሁድ ሐዋሳ ነበርን። መንገዱ ሰፊ፣ ሜዳ፣ ግራና ቀኙ ዛፍ። ኤልቤቴል እንደ ሙሽራ እየተንሸራሸረች ላብ ሳይነካት ሐይቁ ዳር ደረሰች። እንከን ብፈልግ አጣሁ። ግን ያን ሁሉ መንገድ ስንሄድ አንድ ሰው እንኳ «ደህና ነህ?» አላለኝም። ከፋኝ።

በንዴት ከፊት ለፊቴ የሚመጡትን አንድ ሽማግሌ ዝቅ ብዬ እጅ ነሳሁ። «ጋሼ! እንዴት ከረሙ? ቤተሰብ ሁሉ ሰላም ነው?»

ሰውዬው ደንገጥ አሉ፤ ከዚያ ፊታቸው በራ። «አንተ! ጠፋህ እኮ!» ብለው ትከሻዬን አቀፉት።

አሁን እኔ ደነገጥኩ። ባውቃቸውስ? ሰውን ፊት ለፊት «አላወቅኩህም» ማለት ደግሞ ነውር ነው።

«ያ ጉዳይህስ እንዴት ሆነ?» አሉኝ።

«ተመስገን፣ አለቀ።»

«እናትህስ ተሻላቸው?»

«በጣም!» እናቴ ታማ አታውቅም። «ሴቷ ልጅዎስ ደህና ናት?»

«ያሉኝ ወንዶች ናቸው... ግን ሁሉም ደህና ናቸው።»

ኤልቤቴል ሳቋን በሻርፗ አፈነችው። ሽማግሌው ዛፍ ሥር አስቀምጠው ሻይ ጋበዙን። ሁለተኛው ብርጭቆ ላይ አላስቻላትም፣ «ለመሆኑ የት ነው የምትተዋወቁት?» አለች።

ተያየን።

«እኔማ ረስቼው አፍሬ ነው!» አሉ።

«እኔም!» አልኩ። እንባችን እስኪፈስ ሳቅን። ያኔ ገና ስም ተለዋወጥን፤ እኔ ፈለቀ፣ እሳቸው ወንድይራድ፣ ጡረታ የወጡ መምህር።

በማግሥቱ ኤልቤቴል ወደ መናኸሪያ ስትሸኘኝ ከመንገዱ ማዶ፣ «ፈለቀ! ሳትሰናበተኝ ልትሄድ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጋሽ ወንድይራድ ባጃጁን ሁሉ በእጃቸው እያስቆሙ ተሻገሩ። እንዴት እንዳደርን ጠየቁ፣ የኤልቤቴልን ሆድ አይተው «ሴት ናት» ብለው ፈረዱ፣ ለእናቴም ሰላምታ ላኩ። እስክንጨርስ የዲላው ሚኒባስ ጥሎኝ ሄደ።

«ይኸው፣ ሐዋሳም መንገድ ላይ መቆም ጀመርክ» አለች ኤልቤቴል፣ ወገቧን ይዛ።

ቦርሳዬን መሬት አስቀመጥኩ።

«ጋሪውን ግዢ» አልኳት።